አስ አስ ይዤ ለምን እበላለሁ? ስለ ፖት ሊሚት ኦማሃ የተሰጠ ምላሽ

(ለአዲስ አንባቢ፦ ሆልደምና ፖት ሊሚት ኦማሃ የፖከር ዓይነቶች ናቸው። ሆልደም ላይ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይይዛል፤ ኦማሃ ላይ አራት ይዞ ከነሱ ሁለቱን ይጠቀማል። ፍሎፕ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የሚከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ናቸው፤ ተርን አራተኛው፣ ሪቨር አምስተኛው ነው። ፖት መሃል የተጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ «ፖት» ማለት ደግሞ የተፈቀደውን ትልቁን ውርርድ መወራረድ ነው።)

ጥያቄው፦ «የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ሆልደም ሁለት ዓመት ያህል ተጫውቻለሁ፤ ኪሴን አልጎዳኝም። ወደ ፖት ሊሚት ኦማሃ ከገባሁ ወዲህ ግን አስ አስ በያዝኩ ቁጥር እበላለሁ። ባለፈው የ1/2 ዶላር ጠረጴዛ ላይ በ200 ዶላር ተቀመጥኩ። ሁለት አስ፣ ኪንግና 4 መጣልኝ፤ አራቱም የተለያየ ዓይነት። ወደ 7 ዶላር ከፍ አደረግኩ፤ ሦስት ሰው ተከተለኝ። ፍሎፑ 9፣ 8፣ 2 ሆነ፤ እሱም ሦስት የተለያየ ዓይነት። ፖት አልኩ። አንዱ መልሶ ፖት አለ። ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ሰውዬው ሲከፍት ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እና 7! ጥንድ እንኳ የለውም። ተርን ላይ 6 ወጣለትና ጠራርጎ ወሰደው። ይሄ ጨዋታ ዕድል ብቻ ነው? ስልት ካለው ከምን ልጀምር? ጓደኞቼ ደግሞ ወደ ባለ 5 ካርታው እንሂድ እያሉኝ ነው።»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ካርታዎቹን በዝርዝር ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ካርታው ባይኖር «ዕድል ነው፣ ይለፍህ» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም። ካርታው ካለ ግን ማስላት ይቻላል። ስናሰላው የሚወጣው ነገር ሳያስደነግጥህ አይቀርም። ገንዘቡ ሁሉ ፖት ውስጥ ሲገባ ወደ ኋላ የቀረኸው አንተ ነህ። ጥንድ እንኳ የሌለው ሰውዬ ቢያንስ 63 ከመቶ ነበረው። አንተ 37 ከመቶ ቢሆን ነው።

አብረን እንቁጠር። ካርታው 52 ነው። ያንተ 4፣ የሱ 4፣ ፍሎፕ ላይ 3። 41 ይቀራል። ከነዚህ ውስጥ ለሰውዬው ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) የሚሞሉለት የትኞቹ ናቸው? 3 ኩዊን፣ 3 ጃክ፣ 3 አስር፣ 3 ሰባት እና 4 ስድስት። በድምሩ 16። የማይጠቅሙት 25 ብቻ ናቸው። አንተ እንድታሸንፍ ተርኑም ሪቨሩም ከነዚያ 25 ውስጥ መምጣት አለባቸው። 25 ለ41፣ ከዚያ 24 ለ40። ሁለቱን ስታባዛ 36.6 ከመቶ ይሰጥሃል። እሱ ስትሬቱን አንዴ ካገኘ ደግሞ አንተ የምትመለስበት መንገድ የለህም። አራቱ ካርታህ አራት ዓይነት ስለሆነ ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ) አትሠራም። ፉል ሀውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) ለመሥራትም ተርኑም ሪቨሩም ላንተ የሚጠቅሙ መሆን አለባቸው፤ የአንዱን ቦታ ግን የሱን ስትሬት የሞላው ካርታ ወስዶታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፍሎፕ ላይ ፖቱ 29 ዶላር ነበር። ከፊትህ 193 ቀርቶሃል። ሁለታችሁም 193 ስታስገቡ ፖቱ 415 ይሆናል። ከዚያ ያንተ ድርሻ 152 ዶላር ገደማ ነው። 193 ከፍለህ 152 ገዛህ ማለት ነው። የ41 ዶላሩ ኪሳራ 6ቱ ከመውጣቱ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ «የያዘውን እኔ በምን አውቃለሁ?» ማለትህ አይቀርም። ልክ ነህ፣ አታውቅም። ግን ቅድም ከፍ ባደረገ ሰው ላይ፣ 9-8-2 ፍሎፕ ላይ፣ መልሶ ፖት የሚል ተጫዋች ምን ሊይዝ እንደሚችል አስብ። ሦስት 9፣ ሦስት 8፣ 9 እና 8 ሁለት ጥንድ፣ ወይም እንደዚህ ሰውዬ ያለ ትልቅ ስትሬት ጠባቂ። ከነዚህ ውስጥ አስ አስህን ባዶውን ይዘህ ደስ ብሎህ ገንዘብህን የምታስገባበት አንድም የለም። ሦስት ተመሳሳይ ከያዘማ አንተን የሚያድንህ በዋናነት የቀሩት ሁለት አሶች ናቸው። እንዲያውም ያጋጠመህ ከመጥፎዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው።

ሆልደም ያስለመደህ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚጎዳህ። ሆልደም ላይ አስ አስ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ብቻውን ፖት ያሸንፋል። ኦማሃ ላይ ቢያንስ ሁለት አስ ያለበት እጅ ከ39 አንዴ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። የሌላውም ሰው እጅ ተቀይሯል። አራት ካርታ ስድስት የተለያየ ጥንድ ይሰጣል። እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት የሆልደም እጅ ይዞ እንደመቀመጥ ነው። አራት ሰው ፍሎፕ ካየ 24 እጅ ፖቱ ላይ አለ። አንድ ጥንድ፣ የአስም ቢሆን፣ ያን ሁሉ አሸንፎ ሪቨር ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

ሕጉን ታውቀዋለህ ብዬ አምናለሁ፤ ግን ጀማሪዎች እዚህ ጋ ብዙ ገንዘብ ሲያፈሱ ስለማይ ልድገመው። ከእጅህ በትክክል ሁለት፣ ከጠረጴዛው በትክክል ሦስት። ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ጠረጴዛው ላይ አራት ስፔድ ተዘርግቶ በእጅህ የስፔድ አስ ብቻ ካለ ፍላሽ የለህም። ጠረጴዛው ላይ 5-6-7-8 ወጥቶ አንድ 9 ብቻ ብትይዝም ስትሬት አይሆንም፤ ሌላ የሚገጥም ካርታ ከእጅህ መጨመር አለበት። ጨዋታው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እዚያው አንተ ከተማ፣ ጎልደን ነጌት ካሲኖ ገብቶ ሲታወቅ ጀምሮ ከሆልደም የለየው ይሄው የሁለት ካርታ ግዴታ ነው። ሮበርት ተርነር የተባለ ተጫዋች የካሲኖው የፖከር ክፍል ኃላፊ ለነበረው ለቢል ቦይድ አሳይቶት ነው እዚያ የተጀመረው፤ በወቅቱም «ነጌት ሆልደም» ይባል ነበር።

ስልት አለው ወይ ላልከኝ፣ አለው። ዋናው ነገር አንድ ነው። በኦማሃ የምትጠይቀው «አሁን ምን ይዣለሁ?» ብለህ አይደለም። «የምጠብቀው ካርታ ሲመጣ ከሁሉ የሚበልጠው እጅ የኔ ይሆናል ወይ?» ብለህ ነው። ያንን የማይበገር እጅ ተጫዋቾች ነትስ ይሉታል። ቀሪው ስልት በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ነው የሚወጣው።

በራስህ ፍሎፕ ላሳይህ። 9፣ 8፣ 2፣ ሦስት ዓይነት። አውት የምንለው እጅህን የሚሞላልህን፣ ገና ያልወጣውን ካርታ ነው። ሦስት ሰዎች ስትሬት ይጠብቃሉ እንበል።

የመጀመሪያው ያንተ ሰውዬ ነው፤ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 7። 16 አውት አለው ብለናል። አሁን አንድ በአንድ እያቸው። ኩዊን ብትመጣ በጃክና 10 ከፍተኛውን ስትሬት ይሠራል። ጃክ ቢመጣ በኩዊንና 10። አስር ቢመጣ በኩዊንና ጃክ። ሰባት ቢመጣ በጃክና 10። ስድስት ቢመጣ በ10ና በ7። በአምስቱም ከሱ የሚበልጥ ስትሬት መሥራት የሚችል ሰው የለም። ከ16ቱ 16ቱም ነትስ ናቸው።

ሁለተኛው ጃክ፣ 10፣ 7፣ 6 ይዟል። እሱ 20 አውት አለው፤ ከመጀመሪያው በአራት ይበልጣል። ወረቀት ላይ ከፍተኛው እሱ ነው። ግን ጃክ ከመጣ ኩዊንና 10 የያዘ ይበልጠዋል። አስር ከመጣ ኩዊንና ጃክ የያዘ ይበልጠዋል። እነዚያን ስድስት ካርታዎች ስትቀንስ ነትስ የሚሰጡት 14 ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ባለበት ፖት፣ 20 ካለው ይልቅ 16 ያለውን መሆን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው 7፣ 6፣ 5፣ 4 ይዟል። እሱም ያምራል፣ አራት ተከታታይ ካርታ ነው። አውቶቹን ስትቆጥር 13 ናቸው፤ አራት አስር፣ ሦስት ሰባት፣ ሦስት ስድስት፣ ሦስት አምስት። ከነዚህ ውስጥ ነትስ የሚሰጡት አምስቶቹ ብቻ ናቸው። ሦስት ካርታ! በቀሩት 10 ካርታዎችም ስትሬት ይሠራል፤ ግን የሚበልጠው ስትሬት ሌላ ሰው እጅ ላይ ሊኖር ይችላል። ይሄ ሰው ሲስትም ይከፍላል፣ ሲያገኝም ይከፍላል። የኦማሃ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ቀስ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው።

ይህንን ቆጠራ ቤትህ ቁጭ ብለህ ተለማመደው። ካርታ አውጣ፣ ፍሎፕ ዘርጋ፣ አራት ካርታ አንሳ፣ አውቱን ቁጠር፣ ከዚያ ነትሱን ለይ። ጠረጴዛ ላይ ጊዜ የለህም። እጅህ እስኪለምደው ድረስ ቤት ውስጥ መሆን አለበት።

ወደ እጅ ምርጫ ስንሄድም ጥያቄው ያው ነው። ኮንከር የተጫወተ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ኮንከር ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ለብቻው ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝ ካርታ ነው። ኦማሃም እንደዚያ ነው። ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8 ብትይዝ ስድስቱም ጥንዶች ይሠራሉ። ሁለቱ ስፔድ፣ ሁለቱ ኸርት ከሆኑ ደግሞ በሁለት በኩል ፍላሽ አለህ። ይሄን ደብል ሱትድ ይሉታል። ኪንግ፣ ኪንግ፣ 7፣ 2 በአራት ዓይነት ብትይዝ ግን የሚሠራው አንዱ ጥንድ ብቻ ነው። 7ቱና 2ቱ ተቀምጠው የሚያዩ እንግዶች ናቸው። ያንተ አስ፣ አስ፣ ኪንግ፣ 4 በአራት ዓይነትም ከሁለት አስ እጆች ሁሉ ደካሞቹ ወገን ነው። ደብል ሱትድ ከሆነ ጃክ-10-9-8 ጋር ገና ከጅምሩ ብታጋጥመው እንኳ የሚበልጠው በትንሹ ብቻ ነው። አስ፣ አስ፣ ኪንግ፣ ኪንግ ደብል ሱትድ ወይም አስ፣ አስ፣ ጃክ፣ 10 ደብል ሱትድ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ የጨዋታው ቁንጮ ናቸው።

ከሆልደም የመጣ ሰው ዓይን የሚያታልሉ ሌሎችም አሉ። ሦስት አስ መያዝ ደስ ይላል፤ ግን አራተኛው አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ እጅህም ታስሯል። አራቱም ካርታ ስፔድ ከሆነ የራስህን ፍላሽ ራስህ ይዘኸዋል። ከሁሉ የባሰው እጅ ደግሞ አራት 2 ነው። ትናንሽ ጥንዶችም፣ 4-4 ወይም 5-5 ያሉት፣ ሲሳካላቸው የሚያስከፍሉ ናቸው። ሦስት 4 ሠርተህ ፖቱ ሲያብጥ ሌላው ሰው ሦስት 9 ይከፍትልሃል። የ8 ወይም የ9 ፍላሽም እንደዚያው። ሁለት ሰው ብቻ ካለ ይበቃል፤ አራት ሰው ካለና ፖቱ ከተመታ ግን አንዱ አስ ወይም ኪንግ ያለው ፍላሽ ይዞ ይሆናል ብለህ አስብ።

ታዲያ አስ አስህን ምን ታድርገው? የኔ ሕግ እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ከፍ አድርጎ፣ አንተ መልሰህ ፖት ስትል ፊትህ ካለው ገንዘብ ቢያንስ ሲሶው ፍሎፕ ሳይታይ መግባት ከቻለ፣ ግፋ። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ ትንሽ ስለሆነ ማንም በከባድ ውሳኔ አያስጨንቅህም። ሲሶው መግባት ካልቻለ ግን፣ መልሰህ ከፍ ማድረግህ «አስ አስ ይዣለሁ» ብሎ ለጠረጴዛው መንገር ነው። ሁሉም ያንተን እጅ እያወቀ፣ አንተ የማንንም ሳታውቅ ትጫወታለህ። አንተ በገባህበት እጅ ፍሎፕ ላይ የቀረህ ገንዘብ ከፖቱ 6 እጥፍ ተኩል በላይ ነበር። በዚያ ርቀት ላይ ባዶ አስ አስ ይዞ፣ ሦስት ሰው ፊት፣ 9-8-2 ላይ ትክክለኛው ነገር ቼክ ማለት (ሳይወራረዱ ማሳለፍ) ነው። አንዱ ጠንክሮ ሲመታ ደግሞ ካርታውን ወርውሮ መሄድ። አስ አስ መወርወር ያማል፣ አውቃለሁ። የማስተምራቸው ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጣሉኝ በዚህ ነው።

ስለ ፖት ሊሚት ሒሳብ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ዲለሩን (ካርታ አዳዩን) እየጠየቀ ነው የሚጫወተው። «ፖት» ስትል ስንት እንደሆነ ለማወቅ የመጨረሻውን ውርርድ በ3 አባዛና ከውርርዱ በፊት ፖት ውስጥ የነበረውን ጨምር። አንተ 29 ላይ 29 ስትመታ፣ ሰውዬው ፖት ያለው 3 ጊዜ 29 ሲደመር 29፣ ማለትም 116 ዶላር ነው። ገና ሳይጀመር በ1/2 ጠረጴዛ ፖት 7 ዶላር የሚሆነውም በዚሁ ነው፤ 3 ጊዜ የትልቁ ብላይንድ 2 ሲደመር የትንሹ ብላይንድ 1። ብላይንድ ካርታ ሳይታይ ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስገቡት ውርርድ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ፖቱ የሚያድግበት ፍጥነት ነው። አንድ ሰው ፖት መትቶ አንድ ሰው ሲከተለው ፖቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። 30 የነበረው 90፣ ከዚያ 270፣ ከዚያ 810። በ200 ዶላር ተቀምጠህ ፍሎፕ ላይ 30፣ ተርን ላይ 90 ከመታህ ሪቨር ላይ የቀረህ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍሎፕ ላይ ያለው የ30 ዶላር ውሳኔ የ200 ዶላር ውሳኔ ነው። የመጀመሪያውን ቺፕ ከመወርወርህ በፊት እስከ መጨረሻው ለመሄድ ፈቃደኛ መሆንህን ማወቅ አለብህ።

ፖት ሲመታብህ ለመከተል 33 ከመቶ ያስፈልግሃል። የፖቱ ግማሽ ሲመታብህ 25። ተርን ላይ አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር፣ የማታየው 44 ካርታ አለ። 16 አውት ያለው 36 ከመቶ ገደማ ስላለው ፖት ቢመታበትም ይከተላል። 13 አውት ያለው 29 ወይም 30 ላይ ነው፤ ፖት ከተመታበት ሒሳቡ አያዋጣውም፣ ያውም 13ቱም ነትስ ቢሆኑ። ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ከወጣ ደግሞ ሁሉንም እንደገና ቁጠር። ስትሬትህ ሞልቶ ፉል ሀውስ ሊከፈትብህ ይችላል።

ነትስ መያዝ ብቻውንም ሁልጊዜ አይበቃም። ፍሎፑ የስፔድ 10፣ የስፔድ 9፣ የዳይመንድ 6 ሆነ እንበል። አንተ 8፣ 7 እና ሁለት 3 ይዘሃል፤ ስትሬትህ በአሁኑ ሰዓት አንደኛ ነው። ሌላው ሰውዬ 8፣ 7 ይዟል፣ ግን አብሮት ጃክና ኩዊን አለ፣ ሁለቱም ስፔድ። ሁለታችሁም እኩል ናችሁ። ልዩነቱ፣ ያንተ እጅ ከዚህ ወዲያ የሚሻሻልበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሱ ግን ስፔድ ሲመጣ ፍላሽ፣ 8 ወይም ኪንግ ሲመጣ ከፍ ያለ ስትሬት ይሆናል። አንተ አብዛኛውን ጊዜ ቢበዛ ግማሹን ትመልሳለህ። እሱ ሙሉውን ሊወስድ ይችላል። ይሄን ፍሪሮል ይሉታል። ገንዘቡ ገና ብዙ ሲሆንና ሁለት ሰው ሲያብድ፣ እንዲህ ያለ ባዶ ነትስ ይዞ ፍጥነት መቀነስ ብልህነት ነው። ሆልደም ላይ ይሄ ሐሳብ እብደት ይመስላል።

መጨረሻ ላይ የመናገር ዕድል በሁለቱም ጨዋታ ይጠቅማል፤ ኦማሃ ላይ ግን ሕይወት ነው። ብዙ እጅ የሚሞላበት ጨዋታ ስለሆነ ሌላው ምን እንዳደረገ አይቶ መወሰን ትልቅ ዋጋ አለው። በተን (መጨረሻ የሚናገረው ሰው ቦታ) ላይ ስትሆን ሰፋ አድርገህ ተጫወት። ብላይንድ ላይ ስትሆን ጥርስህን ነክሰህ ወርውር። «አራት ካርታ ስለሆነ ሁሉም እጅ ያምራል» በሚለው ስሜት ብዙ ሰው የሚከስረው ብላይንድ ላይ ሆኖ ነው።

ብለፍ (የሌለህን እጅ ያለህ አስመስሎ መወራረድ) አለ ወይ ካልከኝ፣ አለ። ግን በባዶ እጅ ድፍረት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስፔድ ሲዘረጋና በእጅህ የስፔድ አስ ብቻዋን ስትኖር፣ ፍላሽ የለህም። ግን አንድ ነገር በእርግጠኝነት ታውቃለህ፤ ትልቁን ፍላሽ ማንም አልያዘውም። የኪንግ ፍላሽ የያዘ ሰው ይሄን አያውቅም። ፖት ሲመታበት፣ ተርንም ሪቨርም ሲደገምለት፣ ያስጨንቀዋል። ይሄን የምታደርገው ግን መወርወር በሚችል ሰው ላይ ነው። አንዳንድ የ1/2 ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው ፍላሽ ካየ አይወረውርም። እዚያ ብለፍህን አስቀምጠው።

የገንዘቡ ነገር በጣም ያሳስበኛልና እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ኦማሃ ከሆልደም በጣም ይዋዥቃል። ዕድሎቹ ስለሚቀራረቡ፣ ፖቶቹም ስለሚተልቁ ነው። አንድ ጥሩ ተጫዋች በየ100 እጁ 5 ትልቅ ብላይንድ ያተርፋል እንበል። የዚህ ጨዋታ መዋዠቅ በየ100 እጁ 140 ብላይንድ አካባቢ ነው ብለን ብናሰላ፣ ከ10,000 እጅ በኋላ ትርፉ በአማካይ 500 ብላይንድ ይሆናል፤ መዋዠቁ ግን 1,400። ያ ማለት ይህ ሰው፣ በትክክል የሚያተርፍ ሰው፣ ከ10,000 እጅ በኋላ ከስሮ የመገኘት ዕድሉ ከሲሶ ይበልጣል። 36 ከመቶ ገደማ። ካሲኖ ተቀምጦ በሰዓት 30 እጅ የሚጫወት ሰው 10,000 እጅ ለመጨረስ ከ300 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። እስቲ አስበው፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ደህና ተጫውተህ ከስረህ ልትነሳ ትችላለህ።

ላይኛው ደረጃ ላይም ያው ነው። በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. ፓትሪክ አንቶኒየስ በኢንተርኔት ላይ ከቪክቶር ብሎም ላይ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ አንድ ፖት በልቷል። የተጫወቱት ፖት ሊሚት ኦማሃ ነው። ብሎም በዚያን ጊዜ «ኢዚልዱር1» በሚል ስም ነበር የሚጫወተው። በዚያ ጨዋታ እንዲህ ያለ መውጣትና መውረድ የተለመደ ነው። ያን የሚያህል ገንዘብ ማጣት የሚችል ሰው ብቻ ነው እዚያ መቀመጥ ያለበት።

ስለዚህ ለሆልደም 20 ወይም 30 ባይ ኢን (ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚያስገቡት ገንዘብ) ይበቃል ከተባለ፣ ለኦማሃ ከ50 እስከ 100 አዘጋጅ። በ200 ዶላር የምትቀመጥ ከሆነ ለዚህ ብቻ የተለየ ቢያንስ 10,000 ዶላር። የቤት ኪራይ፣ ለእናትህ የምትልከው ብር፣ የመኪና ዕዳ እዚያ ውስጥ አይገባም። ይህን ያህል ከሌለህ አነስ ያለ ጨዋታ ፈልግ። ወይም በዓመት ይህን ያህል ለመዝናኛ አጠፋለሁ ብለህ ወስን፤ ከዚያ አትለፍ። የተበላኸውን ለማስመለስ ተበድረህ ወይም ፈረቃህን ዘለህ ከተቀመጥክ ጉዳዩ ስልት መሆኑ ቀርቷል። ያን ጊዜ ጨዋታውን ማቆም፣ ለምታምነው ሰው መናገር፣ ካሲኖውንም «አታስገቡኝ» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። ይህ አገልግሎት እናንተ ጋ ባሉ አንዳንድ ካሲኖዎች አለ፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም።

ቤቱ የሚቆርጠውንም አትርሳ። ትናንሽ ጠረጴዛዎች ላይ ከየፖቱ የሚቆረጠው ድርሻ ከብላይንዱ አንጻር ከባድ ነው። ኦማሃ ላይ ብዙ ፖት ወደ ላይኛው የቆረጣ ጣሪያ ይደርሳል። ከመቀመጥህ በፊት ከየፖቱ ስንት እንደሚቆረጥና ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ሁለት ቤት ካለ የሚቀንሰውን ምረጥ። ለመካከለኛ ተጫዋች ይሄ ብቻውን የትርፍና የኪሳራ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ጓደኞችህ ስለሚሉት ባለ 5 ካርታ ጨዋታ። አምስት ካርታ አሥር ጥንድ ይሰጣል። አሁን በስድስት ጥንድ ያጋጠመህ ነገር ሁሉ እዚያ ይብሳል፤ ባዶ አስ አስ ይበልጥ ይደክማል፣ ትንሽ ፍላሽ ይበልጥ ያስከፍላል፣ መዋዠቁም ይጨምራል። ነትስ የመቁጠር ልምድ ያለው ሰው እዚያ ብዙ ሊበላ ይችላል፤ ያ ልምድ የሌለው ደግሞ ገንዘቡን የሚያዋጣው ሰው ይሆናል። በባለ 4ቱ ላይ ፍሎፕ በታየ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ «አውቴ ይህን ያህል ነው፣ ነትሱ ይህን ያህል» ማለት እስክትችል ድረስ አትሂድ። ጓደኞችህ ከሄዱ አንተ ባለ 4ቱ ጠረጴዛ ላይ ቆይ። ሌላ የተበላህበት እጅ ካለም እንደዚህኛው ካርታዎቹንና የገንዘቡን መጠን ጨምረህ ጻፍልኝ፤ አብረን እንቆጥረዋለን።